ስለ አሞሌ ጨውና ስለ መንገዱ

ጨው በሰው ቤት ሁሉ የማይጠፋ ነገር ስለ ሆነ ታሪክ ያለው አይመስልም። ወጥ ሲጣፍጥ የምትመሰገነው ባለሙያዪቱ ናት፤ ጨው የሚታወሰው ሲጐድል ብቻ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ምድር ጨው ከወጥ ማጣፈጫነት አልፎ ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ግብር ተገብሮበታል፤ ለወታደር ቀለብ ተሰፍሮበታል፤ ስለ እርሱም ሹመት ተሹሟል፥ ጦር ተማዟል። ይህም ጨው የሚወጣው እህል ከማይበቅልበት፥ ዝናም እምብዛም ከማይጐበኘው ከአፋር ቆላ ነው። በብዙ ሰው ዘንድ ደረቅ ምድር ማለት ድኻ ምድር ማለት ነው የሚል አሳብ አለ። የአሞሌ ታሪክ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። የደረቁ ምድር ሀብት ጥቂት አልነበረም፤ ዳሩ ግን ያ ሀብት ዋጋ የሚያገኘው በመንገድ ላይ ስለ ነበረ፥ ጨዉ ከሚወጣበት ምድር ባለቤት ይልቅ መንገዱንና በሩን የያዘ ሰው ይከብርበት ነበር። ይህ ነገር እንዴት እንደ ሆነ በየተራው መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ምድሩ። የአፋር ቆላ በምዕራብ በኩል የትግራይና የወሎ ደጋ እንደ ግንብ ቆሞበት፥ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የቀይ ባሕር ዳርቻ ተራሮች አጥረውት የተቀመጠ ዝቅተኛ አገር ነው። በሰሜኑ ክፍል፥ ዳሎልና አሳሌ በሚባሉት ቦታዎች፥ ምድሩ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ይወርዳል። ስለ ምድር አፈጣጠር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ይህ ጐድጓዳ አገር በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበረ። ባሕሩ ደጋግሞ ሲገባ፥ ምድሩ እየተነሣ የእሳተ ገሞራም ዐለት እየተከመረ መግቢያውን ሲዘጋበት፥ በውስጡ የቀረው ውኃ በፀሐይ ኀይል እየተነነ ጨዉን ጥሎ ሄደ። ይህ ብዙ ጊዜ ስለ ተደጋገመ፥ የጨዉ ንጣፍ ውፍረት በአንዳንድ ቦታ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬም ቢሆን ከደጋው የሚወርደው ጐርፍ በሜዳው ላይ ይተኛና ጨዉን ያሟሟል፤ ውኃው ሲተን ደግሞ አዲስ ቅርፊት ይነጠፋል። ገበሬ በማይዘራበት ምድር ሳያርሱት የሚታደስ መከር አለ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህን መከር መሰብሰብ እንደ ማየቱ ቀላል አይደለም። ከ1960 እስከ 1966 በዳሎል የተመዘገበው ሙቀት፥ ቀኑና ሌሊቱ፥ በጋውና ክረምቱ ተደምሮ ሲካፈል 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆነ። ይህም ሰው ተቀምጦ ከመዘገባቸው የዓመት አማካይ ሙቀቶች ሁሉ የበለጠው ነው ተብሎ ተቈጥሯል። በ1625 ከባይሉል ወደብ ተነሥቶ በአፋር ምድር በኩል ወደ ትግራይ የወጣው የፖርቱጋል ሰው ጄሮኒሞ ሎቦም፥ የዚያን አገር ትኵሳትና የጨዉን ሜዳ በመጽሐፉ ገልጾታል። ስለዚህ ፀሐይዋ ራሷ የሥራውን ዘመን ወሰነች። ነጋዴዎች የሚወርዱት አየሩ ጥቂት በሚበርድበት ወራት ነው፤ ሙቀቱ ሲጸና ሜዳው ባዶውን ይቀራል። በክረምትም የደጋው መንገድ በጭቃና በጐርፍ ስለሚዘጋ አዲስ ጨው ወደ ገበያ አይወጣም። የጨው ዋጋ በክረምት የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነበረ። ደጋው በዝናም የሚዘራበትና የሚያርምበት ጊዜ ለጨው ነጋዴ የዕረፍት ጊዜ ነው፤ ገበሬው መከሩን ከሰበሰበ በኋላ ደግሞ አህያውንና በቅሎውን ይዞ ወደ ቆላ ለመውረድ ጊዜ ያገኛል። የቆላውና የደጋው ወራት እንዲህ ተገጣጥመው ስለ ተሠሩ አንዱ ሌላውን ጠበቀ።

ሥራው ራሱ ሰውን በየወገኑ ከፈለ። ሠራተኞች የጨዉን ቅርፊት በመጥረቢያ ዙሪያውን ይሰነጥቁታል፤ ከዚያም ረዣዥም እንጨት ከሥሩ አስገብተው ብዙ ሆነው በአንድ ኀይል ይፈነቅሉታል። ከእነዚህ ፈንቃዮች ብዙዎቹ ከትግራይ ደጋ የሚወርዱ ክርስቲያኖች ነበሩ። የተፈነቀለውን ጨው በልክ በልኩ ጠርቦ የሚያሳምረው ደግሞ በአብዛኛው የአፋር ሰው ነው፤ እርሱም ሚዛንና ክንድ ሳይዝ በዓይኑ ለክቶ አንዱን ከአንዱ አስተካክሎ ያወጣዋል። ሦስተኛው ወገን ጭኖ የሚሄደው ነጋዴ ነው፤ ወደ ጨው መውረዱንም ደገኞች አርሆ ይሉታል። በአንድ ሜዳ ላይ ክርስቲያኑና እስላሙ፥ ትግርኛ ተናጋሪውና አፋርኛ ተናጋሪው፥ አንዱ ያለ ሌላው ሊሠራ የማይችለውን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። በመካከላቸው ጠብና ግጭት ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጨው ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ የቈየ ጥቅም ሆኖ ቈየ።

ከጨዉ ይልቅ በዚያ አገር ውድ የሆነው ውኃ ነው። ከሜዳው አጠገብ ያለችው መንደር አሕመድ ኤላ ትባላለች፤ ኤላ በአፋርኛ የውኃ ጕድጓድ ማለት ነው። ስሟ ራሱ በዚያ ምድር ሰው የሚሰፍረው ውኃ ባለበት እንደ ሆነ ያስታውቃል። ነጋዴው ከመቀሌ፥ ከአጉላዕ ወይም ከአጽቢ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር ከሚበልጠው ደጋ ይወርዳል፤ በበራህሌ በኩል አልፎ፥ ሳባ በሚባለው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ለውስጥ እየሄደ፥ ከባሕር ጠለል በታች ወዳለው ሜዳ ይደርሳል። ሲወርድ ለራሱ ስንቅና አቍማዳ ውኃ፥ ለከብቱም ገለባና ድርቆሽ ይጭናል፤ በሜዳው ላይ ለከብት የሚሆን አንድም ቅጠል የለምና። ደርሶ መመለሱ የሳምንት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጕዞ ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ ከሁሉ ይልቅ የሚችለው ግመል ነው። ግመሉን የሚያረባው ደግሞ አፋር ነው። ስለዚህ የቆላው ሀብት ጨው ብቻ ነው ቢባል ስሕተት ይሆናል፤ ጨዉ ያለ ግመሉ፥ ግመሉም ያለ ጕድጓዱ፥ ጕድጓዱም መንገዱን ከሚያውቀው አርብቶ አደር በቀር ዋጋ አልነበረውም።

ጨው በኢትዮጵያ ንግድ ውስጥ የነበረው ስፍራ እጅግ የቈየ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ካሌብ ዘመን ወደ አዱሊስ መጥቶ የነበረው ነጋዴ ኮስማስ፥ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ፍለጋ ሳሱ ወደሚባል ሩቅ አገር የሚያደርጉትን ጕዞ ጽፏል። ከ500 የሚበልጡ ሰዎች በአንድነት ሆነው በየሁለት ዓመቱ ይሄዱ ነበር፤ የሚወስዱትም በሬ፥ ጨውና ብረት ነው። ከዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ቅጥር ሠርተው ይሰፍራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፥ ጨዉንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ቀርበው በሚፈልጉት ነገር ላይ ወርቅ አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ ባለ ዕቃው ዋጋው የበቃው እንደ ሆነ ወርቁን ያነሣል፥ ያልበቃው እንደ ሆነ ይተወዋል። ቋንቋ ለቋንቋ የማይግባቡ ሕዝቦች በጨው ተግባቡ ማለት ነው። ከዚህም የሚታየው፥ ከዐሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት ጨው ከሥጋና ከብረት ጋራ ተቈጥሮ ወርቅ የሚያመጣ ዕቃ እንደ ነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሺሕ ዓመት ያህል አልፎ፥ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አገኘው። አልቫሬዝ የጻፈው ነገር ለዚህ ታሪክ ዋና ምስክር ነው። ጨዉ በሚወጣበት ቦታ ከ120 እስከ 130 የሚሆኑ አሞሌዎች በአንድ ድራክማ ይገዙ ነበር። የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለው ገበያ ቍጥሩ በአምስት ወይም በስድስት ይቀንሳል። እንዲህ ከገበያ ወደ ገበያ እየቀነሰ ሄዶ፥ ከንጉሡ ከተማ ሲደርስ ያው አንድ ድራክማ የሚገዛው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ነው፤ በክረምትም አምስት የሆነበት ጊዜ አለ።

ይህን ቍጥር የሒሳብ ተማሪ ቢያካፍለው፥ አሞሌው ከሜዳው ተነሥቶ ንጉሡ ከተማ እስኪደርስ ድረስ ዋጋው ሃያ እጥፍ እንደ ሆነ ያገኛል። ጨዉ ግን ያው ጨው ነው፤ በመንገድ ላይ አልጨመረም፥ እንዲያውም እየተሰበረና እየተፈረፈረ ቀንሷል። እንግዲህ በከተማ አንድ አሞሌ የከፈለ ሰው ከሃያ እጅ አንዱን ለጨዉ፥ ዐሥራ ዘጠኙን ለመንገዱ ከፈለ። ለግመሉና ለአህያው፥ ለስንቁና ለድርቆሹ፥ ለጠባቂውና ለቀራጩ፥ በገደል ለወደቀውና በሽፍታ ለተዘረፈው ከፈለ። በቅኔ ትምህርት ቤት አባባል፥ የአሞሌ ሰሙ ጨው ነው፤ ወርቁ ግን መንገዱ ነው።

በዚህ ነገር አንድ የሚያሳዝን ምስክርነት ደግሞ አለ። ያው አልቫሬዝ ከሰዎች ሰምቶ እንደ ጻፈው፥ እስከ ዳሞት ድረስ ባለው አገር አንድ ደኅና ባሪያ በሦስት ወይም በአራት አሞሌ ይገዛ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ባሪያ በሚፈነገልበት አገር አንድ አሞሌ ይበቃ ነበር። ጨዉ በራቀ ቍጥር ሲወደድ፥ በመንገዱ ጫፍ ያለው ሰው እንዲህ ረከሰ። የአሞሌን ታሪክ የሚያመሰግን ሰው ይህንንም አብሮ መናገር ይገባዋል። ጨውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የወሰደ መንገድ፥ ሲመለስ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሰውም እየነዳ ተመልሷል።

ጨው ለምን ገንዘብ ሆነ ቢባል፥ ምክንያቱ ከጠባዩ ይገኛል። ገንዘብ የሚሆን ነገር ሁሉም የሚፈልገው፥ እንደ ልብ የማይገኝ፥ የሚቈጠርና የሚሸከሙት መሆን አለበት። ጨው በደጋው ሁሉ ለሰውም ለከብትም ያስፈልጋል፤ በደጋው ግን አይወጣም። ተጠርቦ በአንድ ልክ ሲሠራ እንደ ብር ይቈጠራል። ከዚህም በላይ ማንም ንጉሥ ከመዳብ ጋራ ቀላቅሎ ሊያረክሰው አይችልም፤ የቀመሰው ሁሉ ያውቀዋልና። ጕድለትም ነበረበት። ሲሰበር ከገንዘብነት ወርዶ የወጥ ጨው ይሆናል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይሟሟል፤ ሲቈይ ይሳሳል። ስለዚህ ባለ ገንዘቡ በክረምት ከእሳት አጠገብ ያኖረዋል፤ ተቀባዩም ጠርዙን እየዳሰሰ፥ መጠኑን እየመዘነ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ይህ ጕድለቱ ግን የአፋርን ቆላ ጠቀመ። ገንዘቡ በየዓመቱ ስለሚበላና ስለሚያልቅ፥ በየዓመቱ አዲስ መቍረጥ ግድ ነበረ። ሰው ወርቅን ቀብሮ ሊተወው ይችላል፤ ጨውን ግን ቀብሮ ሊያወርሰው አይችልም።

እንዲህ ያለ ሀብት በአንድ ጠባብ በር የሚወጣ ሲሆን፥ በሩን የያዘ ሰው ኀይለኛ ይሆናል። ከሜዳው ወደ ደጋ የሚያወጡት መንገዶች ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም በእንደርታና በዙሪያው ባሉት አገሮች ያልፋሉ። ስለዚህ የጨዉን ቀረጥ የሚቀበልና የነጋዴውን ጕዞ የሚያስጠብቅ ባልጋዳ የሚባል ሹም ነበረ። ይህ ሹመት እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ ባለ ሹመቱ ጦር ይዞ ነጋዴዎችን ከሽፍታ ይጠብቃል፥ ስለ ጥበቃውም ከጨዉ ይቀበላል። በኋላ የትግራይ ገዥ የሆኑት የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ ከፍ ወዳለው ሥልጣን ከመድረሳቸው በፊት በዚህ ሹመት ነበሩ። ራስ ወልደ ሥላሴ እስከ ሞቱበት እስከ 1816 ድረስ ጨለቆትንና አንጣሎን መቀመጫ አድርገው ሲገዙ፥ ከኀይላቸው ምንጮች አንዱ ይኸው የጨው በር ነበረ። በ1805 እና እንደ ገና በ1809ና በ1810 ወደ እርሳቸው መጥቶ የነበረው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ስለዚሁ ንግድ ጽፏል፤ የሚያስገርመውም የዚህ ሰው የቤተ ሰቡ ስም በቋንቋው ጨው ማለት መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የነገሩ ሥር ይገለጣል። በሩ ያለው በገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ሜዳው ግን ከገደሉ በታች ነው። የአፋር ጐሣዎች በሜዳቸው ላይ መብት ነበራቸው፤ ያለ እነርሱ ፈቃድ ማንም ደፍሮ ሊቈርጥ፥ ያለ እነርሱም መሪነት ማንም ደኅና ሆኖ ሊያልፍ አይችልም ነበር። ከሥራውና ከግመሉ ኪራይ፥ ከመንገድ መሪነቱም የሚያገኙት እህል ለመግዣ ይሆናቸው ነበር። ነገር ግን ጨዉ ከሃያ እጅ አንዱን ብቻ በሚያወጣበት ቦታ ላይ የቆመ ሰው፥ መብቱ ቢጸናም ድርሻው ያው ከዚያች አንዲት እጅ ነው። ሌላው ሁሉ የሚጨመረው እርሱ ከማያዝዘው ከአፋፉ በላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ደጋው ላይ ከተማ ሲቈረቈር፥ ገበያ ሲቆም፥ ጦር ሲታጠቅ፥ በቆላው የቀረው ዳስና ጕድጓድ ነበረ። አፋር ስንፍና ስለ ነበረበት አይደለም፤ በዚያ ትኵሳት የሚሠራን ሕዝብ ሰነፍ የሚለው የለም። የሀብቱ ጠባይ እንዲህ ስለ ነበረ ነው።

አሞሌ ከገንዘብነት የወረደው ቀስ በቀስ ነው። የ1780 ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር በአገሩ ሲሠለጥን፥ አሞሌ የብሩ ዝርዝር ሆኖ ቀረ፤ አንዱን ብር ለመመንዘር የሚቈጠረውም አሞሌ እንደ ቦታውና እንደ ወራቱ ይለያይ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ በፓሪስ አሠሩ፤ በ1905 ደግሞ የአቢሲኒያ ባንክ ተቋቋመ። ሕዝቡ ግን የለመደውን ገንዘብ በአንድ ቀን አልተወም፤ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በብዙ ገበያ አሞሌ ሲቈጠር ቈየ። የገንዘብ አዋጅ ካደረገው ይልቅ የመንገድ መለወጥ በአሞሌ ላይ በረታ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፥ የባሕር ጨው በፉርጎ ተጭኖ ወደ መካከለኛው ደጋ ወጣ። ግመልና በቅሎ በብዙ ሳምንት የሚያደርሱትን ባቡር በጥቂት ቀን ካደረሰው፥ ዋጋውን ያቆመው ርቀት ፈረሰ ማለት ነው። ርቀቱ ሲፈርስ አሞሌም ገንዘብነቱን አጣ፤ ጨው ሆኖ ብቻ ቀረ።

በዚያው ዘመን ከጨዉ ጋራ የተኛ ሌላ ሀብት ተገለጠ። በዳሎል አካባቢ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ የተባለ ማዕድን ተገኘ። የኢጣልያ ሰዎች ከቀይ ባሕር ዳር ከመርሳ ፋጥማ ተነሥቶ ወደ ቆሉሊ የሚገባ ትንሽ የምድር ባቡር ሠሩ፤ በ1918ም ተፈጸመ። ያን ጊዜ የጀርመን ፖታሽ በ1914 በተነሣው ታላቅ ጦርነት ምክንያት ከገበያ ጠፍቶ ስለ ነበረ፥ የዳሎል ማዕድን ጥሩ ዋጋ አገኘ። ጦርነቱ አልቆ የሌላው አገር ፖታሽ ወደ ገበያ ሲመለስ ግን ሥራው ደከመ፥ ኋላም ቀረ። በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ብዙ ቈፍሮና መርምሮ ተወው። ከ2010 ወዲህም የውጭ አገር ኩባንያዎች ፈቃድ እየወሰዱ ጥናት አካሂደዋል። የጨዉ መንገድ ወደ ምዕራብ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ የፖታሹ መንገድ ወደ ምሥራቅ ወደ ባሕር ወረደ። አቅጣጫው ቢለወጥም ሕጉ አልተለወጠም፤ ዋጋውን የወሰነው እንደ ድሮው ከቆላው ውጭ ያለ ገበያ ነበረ።

ጨዉን የሚመስል ነገር በቆላው ደቡብ በአዋሽ ወንዝ ላይም ታይቷል። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ባሕር ሳይደርስ አቤ በሚባለው ሐይቅ ያልቃል። ለአፋር አርብቶ አደር የወንዙ ዳርቻ በበጋ፥ ሌላው ግጦሽ ሁሉ ሲደርቅ፥ ከብቱን የሚያተርፍበት የመጨረሻ መጠጊያው ነው። በ1961 ሚቸል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ የተሳተፈበት የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተቋቋመ፤ ሌሎችም እርሻዎች በወንዙ ዳር ተስፋፉ። ጥጡ ለአገሩ ፋብሪካ ጠቀመ፤ ለንግድም ገንዘብ አመጣ። የአውሳው ሱልጣን ዓሊ ሚራሕና ከአፋር አንዳንዶቹም በጥጥ እርሻ ተጠቅመዋል። ነገር ግን የታረሰው መሬት ያ የበጋ መጠጊያ ነበረ። ከ1972 ጀምሮ ድርቅ በጸና ጊዜ፥ ከብት ወደ ወንዙ መውረጃ አጥቶ አለቀ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ከላይ ሲያዩት ባዶ የሚመስል መሬት ባዶ እንዳልነበረ የታወቀው በዚህ ነው። በደረቅ ምድር መሬቱ የሚለካው በስፋቱ አይደለም፤ በክፉ ቀን ውኃ በሚገኝባት በጥቂቷ ክፍል ነው።

ከዚያ ወዲህም የጨዉ ታሪክ አላቆመም። በ1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ፥ ከአሰብ ይመጣ የነበረው የባሕር ጨው ተቋረጠ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ዓይኗን ወደ አፍዴራ መለሰች። አፍዴራ በአፋር ቆላ ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች ያለ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ውኃው በሞተር እየተሳበ በተደለደለ ገንዳ ላይ ይፈሳል፤ ፀሐይ ውኃውን ስትወስድ ጨዉ ይቀራል። በጥንት ዘመን ለፍጥረት ብዙ ሺሕ ዓመት የወሰደውን ሥራ፥ ሰው በትንሽ ኩሬ ላይ በጥቂት ጊዜ ደገመው። በ2011 ደግሞ የሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት መንግሥት ደንብ አወጣ፤ በደጋው አገር ብዙ ሰው በእንቅርት ስለሚታመም ይህ ደንብ እጅግ የሚጠቅም ነው። ነገር ግን አዮዲን ለመጨመር ወፍጮና ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ በመጥረቢያ ተጠርቦ በግመል ለሚመጣው ጨው ይህ አይመቸውም። የመኪና መንገድም ወደ ቆላው ስለ ወረደ፥ ግመል የሚጭነውን ብዙ እጥፍ መኪና መጫን ጀመረ። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ የተደረገው ጦርነትም በደጋውና በቆላው መካከል የነበረውን ንግድ ክፉኛ ጐዳው። እንዲህ ሆኖ የብዙ መቶ ዓመት የግመል መንገድ ጠበበ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? በአገራችን ጨውን፥ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፥ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ የሚል ምሳሌ አለ። ምሳሌው እውነት ነው፤ የአሞሌ ታሪክ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል። ጨው ቢጣፍጥም በተገኘበት ቦታ ሲቀር ከድንጋይ የሚሻለው ጥቂት ነው። 120 አሞሌ በአንድ ድራክማ ሲሸጥ የነበረው ጣዕም ስለ ጐደለው አልነበረም፤ መንገድ ገና ስላልሄደ ነው። እንግዲህ የደረቅን ምድር ሀብት ለመለካት የሚፈልግ ሰው፥ ከምድር ምን ይወጣል ብሎ ብቻ ቢጠይቅ ግማሹን ይስታል። መንገዱ የማን ነው? በሩን የሚጠብቀው ማን ነው? ውኃው ያለባት ጥቂቷ ስፍራ በማን እጅ ናት? ብሎ አብሮ መጠየቅ ይገባዋል።

በድሮ ዘመን ርቀት የሰው ሥራ ስላልነበረ፥ ዐሥራ ዘጠኙ እጅ በመንገድ ላይ መቅረቱ የሚወቀስበት ሰው ላይኖር ይችላል። ዛሬ ግን መንገዱን የሚሠራው፥ ፋብሪካውን የሚተክለው፥ የማዕድኑን ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ነው። ወፍጮው ከሐይቁ አጠገብ ይቁም ወይስ ከሩቅ ከተማ፥ የበጋው መጠጊያ ይከበር ወይስ ይታረስ የሚለው ነገር በሰው ምክር የሚቈረጥ ነው። የአፋር ሰው በዚያ ትኵሳት ቆሞ ጨዉን በዓይኑ ለክቶ ሲያስተካክል ኖሯል፤ ከሚዛኑም ብዙ ጊዜ አልሳተም። በዚህ ዘመን ሀብቱን የሚያከፋፍሉት ሰዎች ልኩን እንደ እርሱ ቢያስተካክሉ፥ ከሜዳው የሚነሣው ጭነት የባለ ሜዳውንም ቤት አንኳኵቶ ያልፍ ነበር።